ሁለት ደቂቃ ለቱርቦው

ጋሽ ናፍጣ ስለ ሞተር የማያውቀው ነገር አለ ብሎ ደፍሮ የሚናገር ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ቢኖርም ጋሽ ናፍጣ አያስጨርሰውም። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ነድቷል፤ ያውም የድሮውን፣ ጠዋት ለማስነሳት ልመናም ስድብም የሚፈልገውን፣ ዳገት ሲወጣ ከኋላው ያለውን መንገድ በጭስ የሚያጠፋውን ግዙፍ የናፍጣ አውቶቡስ። ቅጽል ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳን «ሸሚዝህ ዛሬም ናፍጣ ናፍጣ ይላል» እያለ የሚያሾፍበት ጎረቤት ሞልቷል። እሱ ግን ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

እና ሴት ልጁ አንዲት ትንሽ መኪና ገዝታ በር ላይ ስታቆም፣ ጋሽ ናፍጣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ በዚያ በኩል ዞሮ አየ፣ ከዚያ በሳቅ ፍርስ አለ።

«ሞተሩ የታለ? ረስተውት ነው የሸጡልሽ?»

«እሱ ነዋ አባዬ! ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ ግን ቱርቦ አለው። ትንሽ ነው እንጂ ጉልበቱ የትልቅ ነው። ቤንዚንም ብዙ አይበላም።»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ የልብስ ስፌት መኪና ነው!»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ሚስቱን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ፤ አንደበቷም ተያዘ። ነፍሷ ተርፎ ወደ ቤት ስትመለስ ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ አዘዙላት፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከከተማው በላይ፣ የረጅም ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ልጅቷ ሥራ ትውላለች። ባሏም መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ከአፉ ክፉ የማይወጣ ሰው፣ ሁሉን ነገር ግን አስቀድሞ ማሰብ የሚወድ።

«ሹፌር ብንቀጥርስ?» አለ መምህሩ። «አባባ ደክመዋል። ዓይናቸውም እንደ ድሮው አይደለም።»

ጋሽ ናፍጣ ክው አለ። ያን ሁሉ ዘመን ስንቱን ሰው በሰላም አድርሶ፣ የገዛ ሚስቱን ሌላ ሰው ሊያደርስለት! ቃል ከአፉ ሳይወጣ ልጁ ቁልፉን ከቦርሳዋ አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ከአባዬ የተሻለ ሹፌር ከየት ሊመጣ ነው? እኔ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ እመላለሳለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እነዳታለሁ።»

ባሏ ትከሻውን ሰበቀ። «ይሁን። ግን መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ እናታችን ሕክምናቸው ከቀረ፣ ያኔ ሹፌር እንቀጥራለን። ተስማማን?»

ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ናፍጣ እንደገና ሰው ሆነ። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ መስታወቱን ይጠርጋል። ሚስቱን በክንዱ ደግፎ ከፊት ወንበር ያስቀምጣትና ቀበቶዋን ያስርላታል። ሰፈሩን እስኪያልፉ ድረስ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚነዳው።

አንድ ችግር ነበረበት። እሷ አንድ ቃል ለማውጣት ከንፈሯ ሲታገል አላስችል ይለዋል። «ው...» ስትል «ውሃ? ውሃ ልስጥሽ?» ይላል። «መ...» ስትል «መስኮት? ልክፈተው?» ይላል። አንዳንዴ ያገኘዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አያገኘውም፤ እሷም ይደክማትና ዓይኗን ወደ መንገዱ ትመልሳለች። ፍቅር ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! ግን ችኩል ፍቅር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ።

የድሮ የአውቶቡስ ሹፌሮች አንድ ልማድ አላቸው። ቦታቸው ደርሰው ሞተር ሊያጠፉ ሲሉ ነዳጁን አንድ ጊዜ ጥብቅ አድርገው ይረግጡታል፤ ጓ! ሞተሩ ገና እያጓራ ቁልፉን ያዞራሉ። ለምን ሲባሉ አንዱ «ጉሮሮውን ለማጥራት ነው» ይላል፣ ሌላው «ነገ ቶሎ እንዲነሳ» ይላል። እውነቱን ለመናገር አንዱ ከአንዱ ያየውን ነው የሚያደርገው። ለጋሽ ናፍጣ ግን ሌላም ትርጉም ነበረው። ሳምንቱን መንገድ ሰንብቶ ሲመለስ አውቶቡሱን ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ያቆመዋል። ጓ! ሲል ሚስቱ ከስንቱ አውቶቡስ መካከል የእሱን ለይታ ታውቀዋለች። ልጁም «አባዬ መጣ!» እያለች እየሮጠች ትወጣለች። ከዚህ የበለጠ ሰላምታ አለ እንዴ?

እናም ትንሿን መኪና የሚያጠፋት እንዲሁ ነው። ያን ዳገት በኃይል ያስወጣታል፤ ሞተሯ እንደጋለ ሆስፒታሉ በር ላይ ይደርስና ጓ! ትንሽ ስለሆነች ጓ ሳይሆን ዊ! ነው የምትለው፤ ከዚያ ጥፍት። ቤት ሲመለስም ዊ! ጥፍት።

መጀመሪያ የመጣው ፉጨት ነው። ነዳጅ ሲረግጥ ከኮፈኑ ሥር እንደ አምቡላንስ የሚያለቅስ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ናፍጣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀጥሎ ከኋላዋ ጭስ መውጣት ጀመረ። በመስታወት አየው፤ ጭሱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ጭስ ማለት ሞተር ዘይት በላ ማለት ነው፤ ይሄንን እንኳን እሱ የሰፈሩ ልጆችም ያውቁታል። ለልጁ መንገር ነበረበት። አልነገራትም። «ብነግራት ሹፌር ይመጣል» ብሎ ፈራ። ልጁና ባሏ ሥራ እስኪሄዱ ጠብቆ፣ ከማደያ የገዛውን ዘይት በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በገዛ ግቢው እንደ ሌባ ግራ ቀኙን እያየ ኮፈኑን ይከፍትና ይጨምርላታል። ሚስቱ በመስኮት ታየዋለች።

«ም...» አለችው አንድ ቀን፣ እጁን እየጠረገ ሲገባ።

«ምንም አይደለም! ትንሽ ጠምቷት ነው» አለና አለፋት።

አንድ ማለዳ ዳገቱ መሀል ላይ ያቺ መኪና ጉልበቷ ክድት አደረጋት። ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጠው ወይ ፍንክች! ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን አቀለጡት። ጭሱ ሽቅብም ቁልቁልም መንገዱን ሸፈነው። ጋሽ ናፍጣ እንደምንም ጥግ አስያዛትና ላብ በላብ ሆኖ ወረደ። ሚስቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። የሆስፒታሉ ሰዓት አለፈ። የዚያ ቀን ሕክምናዋ ቀረ።

ማንን ይጥራ? የድሮ ረዳቱን ጠራ። ይሄ ሰው በአውቶቡሱ ዘመን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪ ሲጣራ፣ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጭን የኖረ ነው፤ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ የራሱ ጋራዥ አለው። ፈጥኖ መጣና መኪናዋን በገመድ ጎትቶ ወሰዳቸው። ለሴትየዋ ጥላ ውስጥ ወንበር አቀረበላት። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የአየር ቱቦውን ፈታ፣ ሁለት ጣቶቹን ወደ ውስጥ ሰደደና የሆነ ነገር ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ያስገቡ።»

ጋሽ ናፍጣ ጣቱን አስገባ። ከሳንቲም ብዙም የማትበልጥ፣ ስለት ስለት ያላት ትንሽ ማራገቢያ ነካ። ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች።

«መላላት አለባት እንዴ?»

«የለባትም። ዘንጓ ተበልቷል። ቱርቦዋ ሞታለች ጋሼ።» መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አየህ... ይቅርታ፣ አዩ፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ዝም ብሎ በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው፣ ወጥቶ ከሚባክን፣ መንገዱ ላይ አንዷን ማራገቢያ ይገፋትና ያዞራታል። በዘንጉ ሌላ ጫፍ ደግሞ ይቺ እህቷ አለች። እሷ አየር እየሳበች ሞተሩ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። አየር ሲበዛ ጉልበት ይበዛል። ያን የሚያህል ዳገት በሦስት ሲሊንደር የምትወጣው በምን ሆነና?»

«እሱን ተወውና ምን ገደላት?»

«ዘንጉ እኮ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ነው የሚዞረው።»

«ቀልድህን ተው!»

«እናቴን! እንደዚያ ሲዞር ብረት ብረትን ከነካ አለቀ። የሚያኖረው ዘይት ነው፤ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ዘይቱን የሚገፋለት ሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፋ ማለት ዘይቱ ቆመ ማለት ነው። ዘንጉ ግን ወዲያው አይቆምም፤ በደረቁ ይዞራል። ግሎ ከሆነማ ውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል።» ዓይኑን ጨርቁ ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና... ሲያጠፏት ነዳጅ ይረግጣሉ እንዴ? እንደ ድሮው?»

ጋሽ ናፍጣ እሳት ለበሰ። «አንተ! አንተን መንዳት ያስተማረህ ማን ሆነና ነው እኔን የምትጠይቀኝ?»

«ለዚያ እኮ ነው የማውቀው» አለ መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ለናፍጣው አውቶቡስ ምንም ያልነበረው ነገር ይቺን ትንሽ ነገር በሄደችበት ሁሉ ሲያንቃት ከርሟል። በገዛ እግሩ! ፊቱን አዙሮ ሚስቱን አያት። ሁሉን ሰምታለች።

«ይታከማል» አለ መካኒኩ ሊያጽናናው። «መሀሏን እቀይራለሁ፣ የዘይት መንገዷን አጥባለሁ፣ ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዳገት ወጥተው ሲደርሱ ሳይረግጧት ሁለት ደቂቃ ዝም ብላ ትሥራ። ቀዝቀዝ ትበል። ከዚያ ያጥፏት።»

«ሁለት ደቂቃ እኔ ምን እየሠራሁ?»

«ምንም።»

«ምንም?» አለ ጋሽ ናፍጣ፣ አስቸጋሪ ሥራ እንደታዘዘ ሰው።

ይሄን እያወሩ ልጅቷ፣ መካኒኩ ደውሎላት ስለነበር፣ ከሥራ ተፈትልካ ደረሰች። እናቷን አቅፋ ሳመች፣ አባቷን አየች፣ የተከፈተውን ኮፈን አየች፣ ማንም ምንም ሳይላት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ዘይት መቀየሪያ ጊዜዋ አልፏል። ዛሬ ነገ እያልኩ... አባዬ ይቅርታ አድርግልኝ። በእኔ ቸልተኝነት እማዬን ይዘህ መንገድ ላይ ቀረህ።»

መካኒኩ ጋሽ ናፍጣን አየው። ጋሽ ናፍጣ መሬት መሬቱን አየ። «የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ማሳለፍም ቱርቦ ይጎዳል» አለ መካኒኩ በመጨረሻ። ውሸት አልነበረም። እውነቱም ግን እሱ አልነበረም።

ቤት ሲገቡ መምህሩ አልጮኸም፤ ጭራሽ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ነግሬሽ ነበር፣ መኪና እንክብካቤ ይፈልጋል» ብቻ አለ። ጥፋቱ የአባባ አልመሰለውምና የሹፌሩን ነገር አላነሳም። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። በማግስቱም እንደዚያው ነበረች። ለአባቷ ራት ስታቀርብ «ብላ አባዬ፣ ብዙ ደክመሃል» ትለዋለች፤ እሱ እንጀራውን ቆርሶ መልሶ ያስቀምጠዋል። አንዲት ቃል ብትወጣው ይቀለው ነበር። ግን ያቺ ቃል ከወጣች ቁልፉም አብሮ መሄዱ ነው። ሌላ ሰው ሚስቱን ደግፎ ሲያስገባ፣ ሌላ ሰው ቀበቶዋን ሲያስር ታየው። እሱ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ እስኪመለሱ ሊጠብቅ!

ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ሚስቱ ዓይኗን ተከለችበት።

«ን...»

«ነጠላሽን? ብርድ ነው?»

በግራ እጇ የወንበሩን ክንድ መታችው። «ን... ገ...»

«ነገ? ነገ ቀጠሮ የለሽም እኮ...»

እንደገና መታችው፣ ጠንከር አድርጋ። «ንገ... ራት።»

ጋሽ ናፍጣ አንገቱን ሰበረ። «ቁልፉን ይወስዱብኛል እኮ። ማን ሊወስድሽ ነው?» አለ በሹክሹክታ። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። አርባ ዓመት የሚያውቀው ዓይን ነው፤ ከእሱ የሚያመልጥበት መንገድ የለም።

ልጅቷ ስትመለስ ብድግ አለ። ባሏም ነበር። «ዘይቱ አይደለም» አለ ጋሽ ናፍጣ። «እኔ ነኝ። ሳጠፋት ነዳጅ እየረገጥኩ እኔ ነኝ የገደልኳት። ጭሱንም ካየሁት ቆይቷል። ዘይት እየደበቅኩ ስጨምር ነበር።» ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ልጅቷ ግን ፊቷ በቁጣ ቀላ።

«ቱርቦው የራሱ ጉዳይ! ስለቅስ ዝም ብለህ አየኸኝ አባዬ? ሁለት ቀን ሙሉ?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን ነው የምትፈራው? እኔን?» ቁልፉን አነሳችው። «እንግዲያው ቁልፉን ከመለስክ እንደፈለግከው ይሁን። ሹፌር ይቀጠር።»

እንደፈለግከው! እሱ መች ፈለገ? ያን ሌሊት ጎኑን ቢያገላብጥም እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

መኪናዋ የተሠራች ቀን ልጅቷ ፈቃድ ወስዳ ራሷ ልታመጣት ሄደች፤ እናትና አባቷንም ይዛ። ሲመለሱ እሷ ነዳች። እናቷ ከፊት ተቀመጠች። ጋሽ ናፍጣ ከኋላ ወንበር ጉልበቱን አጥፎ፣ እንደ ተሳፋሪ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ማጅራት እያየ ሄደ። ልጅቷ አልተናገረችውም። ፉጨቱ የለም፣ ጭሱ የለም፤ ሞተሯ ቅቤ ሆናለች። ከሰኞ ጀምሮ የሚመጣውን ሹፌር መምህሩ አግኝቶታል። ምራቁን የዋጠ፣ ጨዋ ሰው ነው አሉ።

ቤት ደረሱ። ግቢው ውስጥ መምህሩ አበባ እያጠጣ ነበር። ልጅቷ መኪናዋን ጥላው ሥር አስገብታ አቆመች፣ ማርሹን አወጣች፣ እና...

ዊ! ጥፍት።

ልጅቷ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ጋሽ ናፍጣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ መጣ። ሁለቱም ደንግጠው አዩ፤ አሟት መስሏቸው። አላመማትም፤ እየሳቀች ነው። ከታመመች ወዲህ ሳቅ ሰምተውባት አያውቁም። ግማሽ አፏ እየሳቀ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ በግራ እጇ አንዴ ልጇን አንዴ ባሏን ትጠቁማለች።

«ወይኔ» አለች ልጅቷ። «እኔም ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የማጠፋት? ቅዳሜና እሑድ ሁሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ጋሽ ናፍጣ ከኋላ።

«ማን ነው መንዳት ያስተማረኝ?»

«አንድ ሽማግሌ ነው። ሰነፍ ነገር ነው፣ አትስሚው።»

ልጅቷ ፊቷን መሪው ላይ ደፍታ በሳቅ ፈረሰች፤ ሳቁ መሀል ላይ ትንሽ ለቅሶም ነበረበት። መምህሩ ባልዲውን እንደያዘ መጥቶ በመስኮት ጎንበስ አለ። ነገሩ ሲገባው «እዚህ ቤት ውስጥ ቱርቦ ያልገደልኩ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው» አለ።

ልጅቷ ቁልፉን ነቅላ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። «ከዛሬ ወዲያ ብትደብቀኝ ግን አንላቀቅም።»

«አልደብቅሽም፣ አፈር ስሆን» አለ ጋሽ ናፍጣ። ቁልፉን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያ ጨዋ ሹፌርም ሳይመጣ ቀረ።

ሰኞ ዕለት ዳገቱን ወጡ። መኪናዋ ምንም ሳትል ሽው አለች። ጋሽ ናፍጣ ሆስፒታሉ በር አጠገብ አቆመ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ በግድ አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሞተሯ ለስለስ ብላ ትሠራለች። አሁን ሁለት ደቂቃ «ምንም» ሊሠራ ነው። መሪውን ያዘ። ለቀቀ። መስታወቱን አስተካከለ፤ የተስተካከለ ነበር። ከዚያ የሚነካው ነገር አለቀበት።

«አው...» አለች ሚስቱ።

«አውርደኝ? ቆይ እስኪ...» ሊል ነበር። አፉን ከፈተና የት ሊሄድ ብሎ መልሶ ገጠመው። ቢያወርዳትም ሞተሩ ገና ነው።

«አው... ቶ... ቡስህ...» ከንፈሯ ታገለ። እሱ ጠበቀ። ምላሱን ነክሶ ጠበቀ። «ላይ... እኔን...» ዓይኗን ጨፈነች፣ ቃሉን ከሆነ ሩቅ ቦታ ጎትታ አመጣችው። «አንድ... ቀን... ጭነኸኝ... አታውቅም።»

ጋሽ ናፍጣ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ከታመመች ወዲህ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የተናገረችው የመጀመሪያ ንግግር ነው፤ ያውም ማንም ሳይጨርስላት። ልክ ናት ወይ ብሎ በልቡ ወደ ኋላ ሄዶ ፈለገ። ሙሽሮችን ጭኗል። ወታደሮችን ጭኗል። ተማሪዎችን፣ ነጋዴዎችን፣ አንዴም አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ሆስፒታል አድርሷል። እሷ በር ላይ ቆማ ትሸኘዋለች፤ በር ላይ ቆማ ትቀበለዋለች። አንድም ቀን «ነይ ውጪ» ብሏት አያውቅም።

«እውነትሽን ነው» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «እውነትሽን ነው የኔ ዓለም።»

አልጨረሰችም። የግራ እጇን አነሳችና ክንዱ ላይ አሳረፈችው። ከንፈሯ እንደገና መታገል ጀመረ። «እ... ና...»

በዚህ መሀል የሆስፒታሉ ሠራተኛ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋ መጣና በሩን ከፈተ። «ደረሱ እንዴ አባት? ልቀበልዎት?»

ሁለቱ ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል። ጋሽ ናፍጣ ሞተሩን አላጠፋም፤ ዓይኑንም ከእሷ ሳይነቅል እጁን ወደ ሠራተኛው አነሳ።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ታገሠን» አለ። «እያወራች ነው።»